ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ማን ይመጣል? ስለ ለቅሶ ቤት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ከአዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ ለቅሶ እንዲህ ይሁን፣ እንዲያ ይቅር የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእድር ወደ እድር እየተዘዋወረ ነው። ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። መርዶ ለማለዳ ማቆየት ኋላ ቀርነት ነውና በስልክ ወዲያው ይነገር። ጩኸትና ሙሾ አእምሮ ይጎዳልና ይቅር። ገና በመጀመሪያው ቀን የሥነ ልቦና ባለሙያ ይምጣና ሐዘንተኛው የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያወራ ያድርገው። እንቅልፍ ካጣ የሚያስተኛ ክኒን ይሰጠው። ሐዘን አምስት ደረጃ አለውና በደረጃው ይመራ። ሕፃናት ሞትን አይስሙ። አስከሬን ካልተገኘ ለቅሶ አይቀመጥ። ራስን ስለ ማጥፋት አይጠየቅ፤ ሐሳቡን ያስገባልና። ከአርባ ወዲያ የሚያለቅስ ታሟልና ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጸሐፊው ለሐዘንተኛ ተጨንቀው እንደጻፉ ያስታውቃል። ለተዝካር ሲባል ዕዳ አይገባ ያሉትን እኛም እንላለን። ነገር ግን ጽሑፉ የእርዳታውን ሁሉ ክብደት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ላይ ጭኖታል። በእነዚያ ቀኖች ሐዘንተኛ ሰው አያጣም። ሰው የሚያጣው ድንኳኑ ሲነሣ፣ ወንበሩና ሰሃኑ ተቆጥሮ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሲመለስ ነው። ነጥብ በነጥብ የምንመልሰውም ይህን ይዘን ነው።

ከመርዶው እንነሣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሞትን ለሳምንታት መደበቅ፣ «ትንሽ አሞት ነው» እያሉ ማመላለስ ጉዳት አለው። ዛሬ መደበቁም አይሳካም፤ የሟች ፎቶ «ነፍስ ይማር» ተብሎ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ እናት የመጨረሻዋ ሰሚ ትሆናለች። መፍትሔው ግን ስልክ አይደለም። ስልኩ የሚጮኸው ሰውየው ታክሲ ውስጥ እያለ፣ መንገድ ሲሻገር ወይም መኪና ሲነዳ ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ ብቻዋን ሕፃን ታቅፋ ልትሆን ትችላለች። ደዋዩ ተናግሮ ይዘጋል፤ የወደቀውን የሚያነሣ የለም። የማለዳው መርዶ ትልቁ ቁም ነገሩ ሰዓቱ አልነበረም። የሚናገር፣ የሚይዝና አብሮ የሚቀር ሰው መጥቶ መንገሩ ነበር። ስለዚህ ማቆየቱ ይቅር፣ ሥርዓቱ ይኑር።

መጀመሪያ ማን እንደሞተ አረጋግጡ፤ አስከሬኑን ካየ ወይም ከሐኪም ቤቱ በቀጥታ ከሰማ ሰው አፍ። በስም መመሳሰል የተሳሳተ መርዶ ደርሶ ሰው የተጎዳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ቀጥሎ ሐዘንተኛዋን ከሚያውቅ ሰው ስለ ጤናዋ ጠይቁ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ አለባት? ነፍሰ ጡር ናት? ከአምስት ያልበለጠ ሰው ይሂድ። አንዱ የሥጋ ዘመድ ወይም የልብ ወዳጅ፣ አንዱ እሷ የምታከብረው ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት አባት፣ ከተገኘች አንዷ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ። የቀሩት ሁለቱ ለኮንዶሚኒየም ብቻ የሚያስፈልጉ ናቸው። መርዶ የሰማ ሰው በሩን ከፍቶ ይሮጣል፤ ቤቱ ደግሞ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዱ በረንዳው በር ላይ፣ አንዱ ደረጃው አናት ላይ ይቁም። ከሰሉ፣ የፈላው ጀበና፣ ማንቆርቆሪያው ቀድሞ ከክፍሉ ይውጣ። ሕፃን ካለ ጎረቤት ትያዘው።

ከዚያ ቁጭ በሉ፤ እሷንም አስቀምጡ። የሚያዘጋጃት አንድ ቃል ይበቃል፤ «እትዬ፣ ከባድ ነገር ይዘን ነው የመጣነው።» ወዲያው ስሙን ጠርታችሁ «ሞተ» ወይም «ዐረፈ» በሉ። ከተቀመጣችሁ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይነገር። «ደክሟል»፣ «አልተመቸውም»፣ «ሆስፒታል ገብቷል» የሚሉት ለመራራት የሚነገሩ ቃላት ነጠላዋን አንሥታ «እንሂድ» እንድትል ያደርጓታል፤ መርዶውም ሁለት ጊዜ ይሆንባታል። ከተነገረ በኋላ ዝም ማለት ነው። «ልጆች አሉሽ እኮ»፣ «አንቺ ከጠነከርሽ ሁሉም ይጠነክራል» በዚያ ሰዓት ጆሮ አይገባም፤ ከገባም ያቆስላል። ስትጠይቅ መልሱ። መቼ፣ የት፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ ተሠቃየ ወይ? የማታውቁትን «እናጣራለን» በሉ። «ምንም ሳይሰማው ነው» ብሎ መዋሸት በኋላ የሐኪም ወረቀቱ ሲነበብ ሌላ ቁስል ይከፍታል።

መሬት ላይ ራሷን ስትጥል እጇን ጠምዝዞ መያዝ ይጎዳታል። ጭንቅላቷን ከግድግዳና ከጠረጴዛ ጠርዝ መከለል፣ ትራስ ማስገባት ይበቃል። ራሷን ከሳተች በጀርባዋ አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ፤ ሆዷ የገፋ እርጉዝ ከሆነች በግራ ጎኗ ትተኛ። መቀነቷን አላሉ፣ የከበባትን ሰው በትኑ፣ በአፏ ውሃ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልነቃች፣ ደረቷን ከጨመደዳት ወይም ካንፈራገጣት ወደ 907፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ። ብሎኮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አምቡላንሱን ከዋናው መንገድ ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው ወዲያው ይውረድ።

ቤይሩት ወይም ሪያድ ላለች እህት ለመንገር ስልክ ግድ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ሳይሆን እዚያው ከተማ ላለች ጓደኛዋ ነው። ጓደኛዋ አጠገቧ ስትደርስ፣ ከሥራ በወጣችበት ሰዓት ቤተሰቡ ይንገራት።

ወደ ጩኸቱና ሙሾው እንምጣ። ማልቀስ አእምሮ አይጎዳም። ሙሾ ሟቹ የማን ልጅ እንደነበር፣ ምን ሠርቶ እንዳለፈ፣ ማንን ትቶ እንደሄደ በሰው ፊት ያወሳል። አማካሪ ብዙ ቀጠሮ ፈጅቶ «እስኪ ስለ እሱ ንገሪኝ» ብሎ የሚደርስበትን ጥሩ አልቃሽ በሁለት ስንኝ ትደርስበታለች። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ያላለቀሰውን «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ብሎ መወትወት። ሐዘኑን ያለ እንባ የሚሸከም ሰው ብዙ ነው፤ ይህም ሕመም አይደለም። በሙስሊም ቤት ደግሞ እንባ የተፈቀደ፣ ጮኾ ማልቀስና ደረት መድቃት ግን የተከለከለ ነው። ተዕዚያ ላይ፣ ማለትም በሙስሊሞች የለቅሶ መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጦ «ጩኺ» የሚል አማካሪ የገባበትን ቤት አላወቀም።

በለቅሶ ቤት ሰውን የሚጎዳው ሌላ ነው፤ ጽሑፉ አላነሣውም። አዲስ መጪ በገባ ቁጥር ለቅሶው እንደገና ስለሚነሣ ሐዘንተኛዋ ሁለት ሰዓት ተከታታይ እንቅልፍ ሳታገኝ ሦስት ቀን ያልፋል። ቡናው ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት አይቋረጥም። ምግብ በባዶ ሆድ ላይ እንጀራ በወጥ ሆኖ ይቀርብና አልወርድ ይላል። እድሩ ይህን በቀላሉ ያስተካክለዋል። ሌሊቱን ከዘመድ በቀር መጪ እንዳይገባ ይወሰን፤ ሐዘንተኛዋም እዚያው ፎቅ ላይ ጎረቤት ቤት ትተኛ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ለእሷ ቡና አይቀዳላት። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ወይም ለብ ያለ ሻይ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት አጥሚት ወይም ሾርባ ይቅረብላት። ፊቷን ነጭታ ከሆነ ቁስሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ከሁሉ የሚረሳው የምትወስደው መድኃኒት ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በለቅሶ ሰሞን ይቋረጣል። ኢንሱሊን ወግቶ ምግብ አለመብላት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ራስ ያስታል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመደብ፤ ሐዘንተኛዋንም ለብቻዋ ጠርቶ «የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ ቤት ከቀረ አመጣልሻለሁ» ይበላት። ለብቻዋ የምንለው ባሏ እንኳ የማያውቀው መድኃኒት ሊኖራት ስለሚችል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ባለሙያ መጥቶ ሁሉን ያስወራት የሚለው ምክር በደግ ልብ የተሰጠ ነው፤ እኛ ግን ከሁሉ በላይ የምንፈራው እሱን ነው። አደጋ በደረሰበት ሰው ላይ ያየውንና የተሰማውን በአንድ ቁጭታ በቅደም ተከተል ማስተረክ በውጭው ዓለም ለዓመታት ተሠርቶበታል። ኋላ ሲመረመር የተፈራውን፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም እንደማይከላከል፣ አንዳንዱን ሰው እንደሚያብስበት ታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዳይደረግ ይመክራል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ገና የቆመበትን መሬት ያላገኘ ሰው የባሰውን ትዕይንት እንደገና እንዲያይ ይገደዳል፤ የሰማው ባለሙያም ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በምትኩ ድርጅቱ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ በሦስት ሥራ ይጠቃለላል፤ ማየት፣ መስማትና ማገናኘት። ማየት ማለት ቦታው አደጋ አለው ወይ፣ ማን ውሃ፣ ልብስ፣ ሐኪም ይፈልጋል፣ ማን ብቻውን ቆሟል ብሎ መቃኘት ነው። መስማት ማለት አጠገቡ ተቀምጦ «አሁን ምን ያስፈልግሃል?» ማለትና ሊያወራ ከፈለገ መስማት፣ ካልፈለገ አብሮ ዝም ማለት ነው። ማገናኘት ከዘመድ፣ ከመረጃ፣ ከአገልግሎት ጋር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ ላይ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ለቀናት ቁፋሮው ዳር ቆሞ ለሚጠብቅ ቤተሰብ የሚጠቅመው የቱ ነው? ጥላና መቀመጫ፣ የወጣውን አስከሬን ዝርዝር በተወሰነ ሰዓት እየመጣ የሚያነብ አንድ የታወቀ ሰው፣ አስከሬን ለመለየት ሲገባ እጁን የሚይዘው ዘመድ። «ምን ተሰማህ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ቦታ ጭካኔ ነው። ደንግጦ ትንፋሽ ለሚያጥረው እስከ ሦስት እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፣ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት ይረዳል፤ አብራችሁት ተንፍሱ።

ስለ ክኒኑም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በግልጽ ጽፏል፤ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ ዳያዘፓምና መሰሎቹ ለሐዘኑ አይሰጡም። ሐዘኑን አያቀሉትም። በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ስለሚለምዳቸው ሲቆሙ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። አዛውንት ሌሊት ሲነሡ ይጥሏቸዋል፣ ከአረቄ ጋር ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማሉ። ቀብር ላይ ደንዝዛ ቆማ ኋላ «ሲቀበር አላየሁትም» የምትል እናት ጸጸቷ ከእንቅልፍ ማጣቱ ይከብዳል። ጎረቤት ከራሷ መድኃኒት ቆርሳ የምትሰጠውን ማስቆም የእድሩ ኃላፊነት ነው።

አምስቱ ደረጃዎች፣ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርትና መቀበል፣ ብዙ አያቆዩንም። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣቻቸው ለሞት የቀረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው፤ ሰው ከሞተባቸው ተነሥታ አይደለም። ሐዘንተኛ መሰላል አይወጣም። ጠዋት ያለቅሳል፣ ከሰዓት የልጁን ክፍያ ሊከፍል ይሮጣል፣ ማታ ተመልሶ ያለቅሳል። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 የገለጹት ይህንኑ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው፤ ጤናማውም እሱ ነው። «ቁጣ ላይ ገና አልደረሰችም» እያሉ ሰውን መጠበቅ የሚፈጥረው ግራ መጋባት ብቻ ነው።

በሕፃናት ጉዳይ ግን ጸሐፊው የደገፉት ልማድ በእርግጥ ይጎዳል። «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ ስላልደወለለት አባቱን ይቀየማል፤ ወይም እኔ ስላስቸገርኩት ነው ይላል። «ተኝቷል» የተባለ መተኛት ይፈራል። «እግዜር ስለወደዳት ወሰዳት» የተባለ ቀጥሎ ማንን ይወድ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው አይገባውም፤ ደጋግሞ «መቼ ይመጣል?» ቢል ያለ ቁጣ ደጋግሞ መመለስ ነው። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው አብዛኛው ይረዳዋል። የሚነግረው ልጁ ከሁሉ የሚያምነው ሰው ይሁን፤ ያቺ እናት ራሷ እያለቀሰች ቢሆንም። «አባባ ሞተ። ሰውነቱ ሥራውን አቁሟል፣ አይተነፍስም፣ አያመውም፣ ተመልሶ አይመጣም። አንተ ያደረግኸው ነገር አይደለም።» ከዚያ ልጅ የማይጠይቀው ግን የሚያስጨንቀው አለ፤ ማን ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፣ የት እተኛለሁ፣ እማማስ ትሞታለች? ሳይጠይቅ ይነገረው። ቀብር ልሂድ ካለ የሚያየውን አስቀድሞ መንገር፣ የእሱ ብቻ ኃላፊ የሆነ አዋቂ መመደብና ሲደክመው ይዞት እንዲወጣ ማድረግ ነው። ስም ጠሪው መምህር ልጁ ከመመለሱ በፊት ይስማ፤ ክፍሉ ፊት «እከሌ አባቱ ሞቶበታል» ብሎ እንዳያስቆመው ይነገረው። አልጋ ማርጠብና እናት ላይ መለጠፍ ለሳምንታት ሊኖር ይችላል፤ አይገረፍም።

አስከሬን ካልተገኘ ለቅሶ አይቀመጥ የሚለውን ስናነብ አዘንን። አማርኛ ለዚህ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ እርም ማውጣት። እናት ልብሱን ዘርግታ፣ ፎቶውን አቁማ አልቅሳ እርሟን ታወጣለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17 ኢትዮጵያውያን ሥርዓት የተደረገው በባዶ ሣጥን ነበር፤ ለቤተሰቦችም ከአደጋው ስፍራ አፈር ተሰጣቸው። ትርጉም የለውም የሚል አማካሪ እነዚያን ሣጥኖች ያጀበውን ሕዝብ ያስብ። ሞቱ ሳይረጋገጥ በባሕር ወይም በጦርነት ደብዛው የጠፋ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ቤተሰቡን «ሞቷል፣ ቁርጣችሁን እወቁ» ብሎ ማስገደድ አይገባም፤ እናት ተስፋ ስታደርግ አባት እርሙን ሊያወጣ ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ቤት እንዲኖሩ መርዳት ነው። ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፤ ጥያቄውን ማስመዝገብ ቤተሰቡ «ፈልገናል» እንዲል ያስችለዋል።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። ሐሳቡ ያለበት ሰው ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ይቀለዋል፤ የሌለበት «ኧረ በጭራሽ» ብሎ ያልፋል። እኛ ዘንድ አስቸጋሪው ሌላ ነው፤ «ምነው እኔን ባስቀደመኝ»፣ «አብራችሁ ቅበሩኝ» የለቅሶ ቋንቋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍቅር እንጂ ዕቅድ አይደለም። ሁሉንም መናቅም ሁሉንም መደንገጥም ያሳስታል። ስለዚህ ጠጋ ብሎ ለብቻ መጠየቅ ነው፤ «እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስ አንዳንድ ሰው መኖር ያስጠላዋል። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ እንዴትና መቼ እንዳሰበ፣ የሚያደርግበትን ነገር አዘጋጅቶ እንደሆነ ጠይቁ። መንገዱንም ጊዜውንም ከነገራችሁ ያን ቀን ብቻውን አያድር። ከተማው ከእርሻ በሚገናኝበት በእኛ አካባቢ በየቤቱ ፀረ ተባይና የነቀዝ መድኃኒት አለ፤ እሱና የመድኃኒት ክምችት ሁሉ ከቤቱ ይውጣ፤ መደበቅ አይበቃም። ምስጢር ለመጠበቅ ቃል አትግቡ፤ «አብረን ለማን እንንገር?» በሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያም አማኑኤል ወይም የካ ኮተቤ ሆስፒታል፤ ለምሥራቁ ዳርቻ ኮተቤ ይቀርባል። ወረቀት አስይዞ መላክ በቂ አይደለም፤ አብሮ ሄዶ ካርድ የሚያወጣ ሰው ይኑር። ከሞት በኋላ ያሉት ሳምንታት ብቻ አይደሉም የሚያሰጉት፤ የሟቹ ልደትና ሙት ዓመቱም ናቸው።

አርባው ላይ ጸሐፊው የተሳሳቱት በቁጥሩ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም የሚቆጥረው ቢያንስ ስድስት ወር ካለፈ፣ ከሰውየው ባህልና እምነት ልክ ከዘለለ፣ ኑሮውንም ካቆመ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአዋቂ አሥራ ሁለት ወር አድርጎታል። በአርባኛው ቀን የምታለቅስ ሚስት አልታመመችም። የሟቹን ድምፅ ሰማሁ፣ በር ሲከፍት ታየኝ ብትልም አላበደችም፤ ይህ የተለመደ ነው። ስድስት ወር ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና የሚያስኬደው ለቀናት አለመብላት፣ ሕፃኗን መመገብ መተው፣ በየቀኑ እስኪሰክሩ መጠጣት፣ ድምፁ «ራስህን ግደል» ሲል፣ «እኔ የማልረባ ነኝ» የሚለው ቀንም ሌሊትም ሳይለቅ ሲቀር ነው።

እስከዚያ ያለው ጊዜ ታዲያ የማን ነው? ከፒያሳና ከካዛንችስ ወደ ዳር የወጣው ሰው የድሮ እድሩ አውቶቡስ ተከራይቶ ለቀብር ይመጣል፣ ማታ ይመለሳል። አዲሱ ጎረቤት ስሟን አያውቅም። ባህላችን ግን ቀኖቹን ቀድሞ ቆርጦልናል፤ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ዓመት። በሙስሊም ቤት ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆይበት ጊዜ፣ ዒዳ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው። ድግስ ባይኖርም በእነዚህ ቀኖች ሁለት ሰው ይሂድ። ሴት ለሆነች ሐዘንተኛ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፤ ሁልጊዜም ያው ሁለት ሰው። ሠላሳ አርባ ደቂቃ ይበቃል። ሟቹን በስሙ ጥሩት፤ ሰው ስሙን የሚሸሸው እሷን እንዳያሳምም ብሎ ነው፤ እሷ ግን ተረሳ ብላ ነው የምትሰማው። እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ማነው አብሮሽ የሚበላ፣ ከቤት ወጥተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ እጅ የሚሠራው ሥራ። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ይመዘገባል፤ ያለዚያ ወረቀት ባንክም፣ ጡረታም፣ የወራሽነት ማረጋገጫም አይንቀሳቀስም፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጉብኝት ዶሴውን አብሮ ማዘጋጀት ነው። የቤቱ የባንክ ክፍያ በማን ስም፣ መቼ እንደሚደርስ ይታይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ የእሷን ጀሪካን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣ ጎረምሳ ይመደብ።

ሐዘኑ ሳይሆን ሐዘኑ ያመጣው ችግር ላበዛባት ሰው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ለብቻ የሚሰጥ የምክር መርሐ ግብር አለ፤ አምስት ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ። ሐኪም ባልሆነ ግን በሠለጠነና ክትትል በሚደረግለት ሰው ይሰጣል፤ ጭንቀትን ማርገብ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ነጥሎ መፍታት፣ ከተቀመጡበት መነሣት፣ ሰው ማግኘት። ከአርባ በኋላ ቢጀመር ይሻላል፤ ቀድሞ ለሁሉም ሐዘንተኛ እንዲያው መስጠት ግን አይመከርም።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ኮሚቴ አያስፈልግም። የእድሩ ጸሐፊ ለቀብር የወጣውን ገንዘብ በሚመዘግብበት ገጽ ላይ ስድስት ቀን ይጻፍ፣ ከየቀኑ ጎን የሁለቱን ተረኞች ስም፣ ከታች የሐዘንተኛዋን የቤት ቁጥርና የሚያስታውሳት ዘመድ ስልክ። ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ የእድሩ ዳኛ ገጹን ገልጠው «የአርባው ተረኛ ማን ነበር? ሄዳችኋል?» ብለው ይጠይቁ።